ከአኑቢያስ ቅጠልና ከማጣሪያው አፍ አልለቅ ያለ ጥቁር አልጌ

ባለ120 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዕፅዋት ያሉበት 120 ሊትር አኳሪየም ውስጥ ጥቁር፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ አጭር ጸጉር የመሰለ አልጌ ወጥቷል። ያለው በአኑቢያስ ቅጠሎች ጠርዝ፣ በእንጨቱ ላይና በማጣሪያው መውጫ ቱቦ አፍ ላይ ነው። በጣት ሲታሽ ቅጠሉ ይቀደዳል እንጂ እሱ ንቅንቅ አይልም። መስታወቱ ላይ ያሉት አረንጓዴ ነጠብጣቦች ደግሞ በስፖንጅ አይለቁም።

ዝርዝሩ ይኸው፦ ገንዳው 80 በ35 በ45 ሳንቲሜትር ነው። ኤልኢዲ መብራት በቀን 10 ሰዓት ይበራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሲሊንደር በሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ በሚከፈትና በሚዘጋ ቫልቭ) ይገባል፤ ከመብራቱ ጋር በአንድ ታይመር ነው የሚበራውና የሚጠፋው። የውጭ ማጣሪያው ላይ በሰዓት 600 ሊትር ይላል። ኬኤች (የውሃው የካርቦኔት ጥንካሬ) 5። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) መብራቱ ሲበራ 7.4፣ ከአራት ሰዓት በኋላ 6.8። ናይትሬት 5፣ ፎስፌት 0.1 ሚሊ ግራም በሊትር፤ አልጌውን እንዳልቀልብ ብዬ ማዳበሪያ ቀንሻለሁ። ውሃ በየሁለት ሳምንቱ ሩቡ ይቀየራል። ውስጡ 20 ኒዮን ቴትራ፣ 6 ኮሪዶራስና 10 አማኖ ሽሪምፕ አሉ። ዕፅዋቱ አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ክሪፕቶኮሪን፣ ቫሊስኔሪያና ሮታላ ናቸው።

መድኃኒት ልጨምርበት ወይስ መብራት አጥፍቼ ልሸፍነው? አልጌ የሚበላ ዓሣ ማስገባትስ ያዋጣል?

ንጹህ ውሃ

ቁጥሮቹን አሟልተህ መጻፍህ ሥራውን አቅልሎታል። እንደ ገለጻህ ይህ ጥቁር ጢም አልጌ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግህ ትንሽ ቁራጭ ነቅለህ አልኮል ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ዘፍዝፈው። አረንጓዴው ቀለም ታጥቦ ሄዶ ወደ ቀይ ካደላ ከቀይ አልጌ ወገን ነው። ይህን ማወቅ ለሁለተኛው ጥያቄህ መልስ ይሰጣል፦ ቀይ አልጌ በደካማ ብርሃንም ይኖራል። ገንዳውን ሦስት ቀን በጨርቅ ብትሸፍነው ሮታላህ ገርጥቶ ቅጠል ሲያራግፍ እሱ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቅሃል። መሸፈን የሚሠራው ውሃው ራሱ አረንጓዴ ሲሆን ወይም ጠጠሩን የሚያለብሰው፣ የሚሸተው ሰማያዊ አረንጓዴ ልሙጥ ሽፋን ሲመጣ ነው። ያ ልሙጥ ነገር እንዲያውም ባክቴሪያ እንጂ አልጌ አይደለም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በውሃው ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በግምት 3 × ኬኤች × 10^(7 − ፒኤች) ነው። ኬኤች 5 ሆኖ ፒኤች 7.4 ሲሆን 6 ሚሊ ግራም በሊትር ይወጣል። 6.8 ሲደርስ 24 ይሆናል። ስለዚህ መብራቱ ከበራ ጀምሮ ዕፅዋቱ ካርቦን እየራባቸው አራት ሰዓት ይቆያሉ ማለት ነው፤ ሊጠግቡ ሲቃረቡ ደግሞ የቀኑ ግማሽ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም። ጥቁር ጢም የሚወደው እንዲህ በየቀኑ ከፍ ዝቅ የሚል ካርቦን ነው። አኑቢያስ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ስለሆነ አንድ ቅጠሉ ለወራት መብራት ሥር ይቀመጣል። ደካማ ቅጠል፣ ረጅም መብራት፣ የሚዋዥቅ ካርቦን ከተገናኙ አልጌው ሌላ ምንም አይፈልግም።

መድኃኒቱን ትተህ መጀመሪያ ሁለተኛ ታይመር ግዛ። ካርቦኑ ከመብራቱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይብራ፣ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይጥፋ። ግቡ መብራቱ ሲበራ ውሃው 30 ሚሊ ግራም በሊትር አካባቢ ደርሶ፣ እስኪጠፋ ድረስም እዚያው እንዲቆይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ እንጨት ያለበት ገንዳ ላይ ስሌቱ ይዋሻል። ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ ፒኤችን ስለሚያወርድ፣ ስሌቱ ካርቦኑን ካለው በላይ አድርጎ ያሳያል። የተሻለው መንገድ ይህ ነው፦ አንድ ኩባያ የገንዳ ውሃ ቀድተህ ክፍት አድርገህ 24 ሰዓት አቆየውና ፒኤቹን ለካ። ገንዳው መብራት ሲበራ ከዚያ ቁጥር በ1.0 ያህል ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት። የኩባያው 7.6 ከሆነ ገንዳው 6.6 ይሁን። እንጨቱ ሁለቱንም ልኬት እኩል ስለሚነካ ልዩነቱ አይዛባም።

ድሮፕ ቼከር (ገንዳው ውስጥ ተሰቅሎ የካርቦኑን መጠን በቀለም የሚያሳይ ትንሽ ዕቃ) ካለህ ውስጡ መግባት ያለበት ኬኤቹ 4 ዲግሪ የሆነ የተዘጋጀ ፈሳሽ ነው፤ የገንዳው ውሃ ከገባበት የሚያሳየው ቀለም ትርጉም የለውም። ሰማያዊ ማለት ካርቦኑ አነሰ፣ ቢጫ ማለት በዛ፣ ብሩህ አረንጓዴ ማለት ልክ ነው። የሚያሳይህ ግን የአሁኑን ሳይሆን ከአንድ ሁለት ሰዓት በፊት የነበረውን ነው። ስለዚህ ቀለሙን እያየህ ቫልቩን በደቂቃ ልዩነት አትነካካ። በቀን አንዴ ብቻ፣ ትንሽ ጨምረህ ዓሦቹን ተመልከት። ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ የሚተነፍሱ ከሆነ ወዲያው ዝጋና የውሃውን ገጽ የሚያናውጥ አየር ስጥ።

መብራቱን ከ10 ወደ 6 ሰዓት አውርደው። አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች ንጹህ ሆነው መቆየታቸውን ካየህ በኋላ በሳምንት 30 ደቂቃ እየጨመርክ 8 ላይ አቁም። መጠኑን የሚቀንስ መቆጣጠሪያ ካለው በዚያው ጊዜ ብርሃኑንም ትንሽ አደብዝዘው።

የማጣሪያው ካርቶን ላይ የተጻፈው 600 ሊትር ባዶ ማጣሪያ ሲገፋ ያለው ነው። ትክክለኛውን ለማወቅ የመውጫውን ቱቦ በውሃው ገጽ ከፍታ ላይ እንዳለ ወደ አንድ ሊትር መለኪያ አዙረህ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ቁጠር፤ 3600ን በሰከንዱ ስታካፍል በሰዓት ስንት ሊትር እንደሆነ ይነግርሃል። ለካና ንገረን።

ጠብታ

ንጹህ ውሃ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ምክንያቱ ሳይነካ መግደል ትርፉ ድካም ነው። ግን ካርቦኑ ቢስተካከልም ያለው ጢም በራሱ አይረግፍም። ስለዚህ ማጥፊያውን እኔ ልጻፍ።

መጀመሪያ መቀስ። ግማሽ በግማሽ የተሸፈነ የአኑቢያስ ቅጠል አይድንም፤ ከግንዱ አጠገብ፣ ከአገዳው ሥር ቁረጠው። በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ሲሶ በላይ አታንሳ፤ የቀረውን በሚቀጥለው ሳምንት።

ከዚያ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ። ጠርሙሱ ላይ ያለውን በመቶኛ አንብብ፤ 30 ወይም 35 በመቶ የሚሸጥም አለ፣ እሱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ገንዳ አጠገብ አይድረስ። መጠኑ የሚሰላው ደግሞ በ120 ሊትር አይደለም። ጠጠር፣ እንጨትና ከላይ ያለው ባዶ ቦታ ሲቀነስ ያንተ ገንዳ የሚይዘው ውሃ 100 ሊትር ገደማ ነው። ለ10 ሊትር 2.5 ሚሊ ሊትር ብለህ አስላ፤ ላንተ በአንድ ጊዜ ከ25 ሚሊ ሊትር አይለፍ።

ማጣሪያውን አጥፋና ውሃው እስኪረጋ ጠብቅ። ፐርኦክሳይዱን በሲሪንጅ ሳብና ጫፉ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክተህ፣ ከአልጌው አንድ ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ሆነህ በጣም በዝግታ ልቀቅ። በትክክል ከነካው ጸጉሮቹ መሀል ጥቃቅን አረፋዎች ወዲያው ሲወጡ ታያለህ። አረፋ ካልወጣ አንድም ውሃው ገና ይንቀሳቀሳል፣ አንድም ጠርሙሱ አርጅቷል፤ ፐርኦክሳይድ ብርሃን ካየና ከቆየ ወደ ውሃና ኦክስጅን ይለወጣል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ማጣሪያውን አብራ። ከዚያ በላይ አጥፍተህ አታቆየው፤ ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ያጥራቸዋል።

አንዱን ቦታ ዛሬ፣ ሌላውን ከነገ ወዲያ፣ እንዲህ እየከፋፈልክ ሂድ። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ የተነካው ጢም ሮዝ ወይም ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ቀጥሎ ይነጣል። ጥቁር ሆኖ የቀረ አልሞተም። ሽሪምፕ ላይ በቀጥታ እንዳትረጭ፤ ከተቻለ ቫሊስኔሪያውንም አታስነካው፤ ቅጠሉ ስስ ነው።

እንጨቱ ላይ ያለውን ለማጥፋት ቀላሉ ቀን ውሃ የምትቀይርበት ነው። ውሃው ሲወርድ እንጨቱ ከላይ ይጋለጣል፤ በዚያው ፐርኦክሳይዱን በብሩሽ ቀባና አምስት ደቂቃ ጠብቀህ ውሃ ሙላ። የተቀባው መጠን ከ25ቱ ላይ ይቆጠራል።

የማጣሪያውን ቱቦ ግን በፐርኦክሳይድ አትድከምበት። አውጥተህ አንድ እጅ በረኪና በ19 እጅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ሲነጣ በብሩሽ ፈትገህ በብዙ ውሃ እጠበው፤ መጨረሻ ላይ ክሎሪን ማርከሻ በበዛበት ውሃ ውስጥ አቆየው። የበረኪና ሽታ ካለው ወደ ገንዳው አይመለስም።

ሐይቅ ዳር

ከፐርኦክሳይድ ይልቅ ፈሳሽ ካርቦን ተብሎ የሚሸጠውን ተጠቀም። ሲኬም ፍሎሪሽ ኤክሰል ለምሳሌ በየቀኑ 5 ሚሊ ሊትር ለ200 ሊትር ነው፤ ላንተ 2.5 ሚሊ ሊትር። ጢሙን እያደከመ ይሄዳል፣ ማጣሪያ ማጥፋትም አያስፈልግም።

ጠብታ

ሐይቅ ዳር፣ ቫሊስኔሪያ እንዳለው አላየህም? የዚያ ምርት ዓይነቶች ቫሊስኔሪያን፣ ኤጌሪያንና ሪቺያን የሚያቀልጡ ናቸው። በሲሪንጅ እንጨት ላይ ብቻ ቢደረግ እንኳ ማጣሪያው ሲበራ በገንዳው ሁሉ ይበተናል። ቫሊስኔሪያ ለሌለው ሰው ምክርህ ጥሩ ነው፤ በጓንትና ከተጻፈው መጠን ሳያልፉ። ከፐርኦክሳይድ ጋር ግን በአንድ ቀን አይገናኙ፤ አንዱ ሌላውን ያበላሸዋል።

ባለ120 (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ። ለካሁት፦ አንድ ሊትር ለመሙላት 14 ሰከንድ ወሰደ፣ በሰዓት 257 ሊትር ማለት ነው። ዲፊዩዘሩ (ካርቦኑን በጥቃቅን አረፋ ወደ ውሃው የሚለቀው ዕቃ) ያለው ከማጣሪያው መውጫ ተቃራኒ ጥግ ላይ ነው፤ አረፋዎቹ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ። የኩባያው ፒኤች 7.5። እና ማዳበሪያውን አሁን ሙሉ በሙሉ ላቁመው ወይስ?

ንጹህ ውሃ

በ257 ሊትር ውሃህ በሰዓት ሁለት ጊዜ ተኩል ብቻ ነው የሚዞረው። ዕፅዋት ላለበት ገንዳ ቢያንስ አምስት ጊዜ ያስፈልጋል። ማጣሪያውን ክፈት። ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ ውስጥ ጭመቀው፤ በቧንቧ ውሃ አይታጠብ፣ ክሎሪኑ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይፈጃል። ሰዎች የሚረሱት ግን ሆዝ ነው። የሆዙ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ቡናማ ዝቃጭ ብቻውን ፍሰቱን ክፉኛ ይቀንሳል፤ በረጅም የሆዝ ብሩሽ አስወጣው። ጥቅጥቅ ያለው ነጭ ጥጥ ካለበት እሱንም ቀይረው። ከዚያ እንደገና ለካ። 7 ሰከንድ አካባቢ ከደረሰ በቃ፤ ካልደረሰ ትንሽ የውሃ መግፊያ ፓምፕ ጨምር።

ዲፊዩዘሩን አንሳና መውጫው የሚገፋው ውሃ በሚያልፍበት፣ ዝቅ ባለ ቦታ አድርገው። አረፋው ወደ ላይ ሳይወጣ በአግድም ተገፍቶ እስከ ሌላው ጥግ መድረሱን ቁጭ ብለህ አስተውል። ቀጥ ብሎ የሚወጣ አረፋ አብዛኛው አየር ላይ የሚባክን ካርቦን ነው። በኩባያው ልኬት መሠረት መብራት ሲበራ የምትፈልገው ፒኤች 6.5 ነው። ፍሰቱን ካስተካከልክ በኋላ ካርቦኑን ሳትጨምርም ፒኤቹ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፍሰት፣ ቀጥሎ ታይመር፣ ቫልቭ መጨረሻ።

አረንጓዴ ቅጠል

ስለ ማዳበሪያው እኔ ልመልስ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ማዳበሪያ መቀነስ አልጌን አያስርብም። አልጌ የሚበቃው ምግብ ከተክል በብዙ ያነሰ ነው፤ ናይትሬት 5 ሲሆን ሮታላህ ሲቸገር አልጌው ምንም አይጎድለውም። ያ መስታወት ላይ ያልከው አረንጓዴ ነጠብጣብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፎስፌት ሲያንስ የሚበረታ ነው። 0.1 በጣም ዝቅተኛ ነው። ነጠብጣቡን በምላጭ ፋቀው፣ ፎስፌቱን ከፍ አድርግ፤ የመመለሻ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ገንዳው አክሪሊክ ከሆነ ምላጭ ይጭረዋል፤ የፕላስቲክ ካርድ ተጠቀም።

ልናነጣጥርበት የሚገባው ናይትሬት ከ10 እስከ 20፣ ፎስፌት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። በደረቅ ጨው ከሠራህ እንዲህ አዘጋጅ፦ 50 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት በ500 ሚሊ ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ አሟሟ። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር ብታፈስ ባንተ 100 ሊትር ናይትሬቱ በ6.1 ከፍ ይላል፤ ፖታሲየምም 3.9 ያህል አብሮ ይገባል። በሌላ ጠርሙስ 5 ግራም ሞኖፖታሲየም ፎስፌት በ500 ሚሊ ሊትር። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር ፎስፌቱን በ0.7 ያሳድጋል።

ከሁለቱም 10፣ 10 ሚሊ ሊትር በሳምንት ሁለት ጊዜ ጀምርና ውሃ ከመቀየርህ በፊት ለካ። ናይትሬቱ 20 ካለፈ ቀንስ። ብረትና ሌሎቹን ጥቃቅን ማዕድናት በሌላ ቀን ስጥ፤ በአንድ ጠርሙስ ከፎስፌት ጋር ከተቀላቀሉ ብረቱ ፎስፌቱን ይዞ ይዘቅጣል፣ ዕፅዋቱ ሁለቱንም አያገኙም።

በናይትሬትና በፎስፌት የማይካካስ ሌላ ነገር አለ፦ ቆሻሻ። የበሰበሰ ቅጠል፣ የተረፈ ምግብና ጠጠር ውስጥ ያለ ዝቃጭ ጥቁር ጢም ይወዳል። በሁለት ሳምንት ሩብ ውሃ መቀየር ላንተ ገንዳ አይበቃም። በየሳምንቱ ግማሹን ቀይር፣ የጠጠሩን ፊት በሆዝ እየሳብክ፤ ክሪፕቶኮሪኑ ሥር ግን አትቆፍር። የቧንቧ ውሃ ከግፊት ሲወጣ የራሱ የሟሟ ካርቦን ሊኖረው ስለሚችል፣ ብትችል መብራትም ካርቦንም ሳይበራ ቀይር፤ በቀኑ መሀል ሌላ መዋዠቅ አትጨምር።

ሐይቅ ዳር

ጠብታ ልክ ነህ፣ ቫሊስኔሪያውን አላየሁትም። ስለ ዓሣው ልመልስ።

ጥቁር ጢምን በሕይወት እያለ ከሚበሉት ጥቂት ዓሦች አንዱ የሲያም አልጌ በል ነው። ሦስት ችግሮች አሉበት። አንደኛ እስከ 15 ሳንቲሜትር ያድጋል፣ ዋናተኛ ነው፤ 80 ሳንቲሜትር ገንዳ ይጠበዋል። ሁለተኛ ሲያድግ የዓሣ ምግብ ይለምድና አልጌውን ይተወዋል። ሦስተኛ በስሙ ሌሎች ዓሦች ይሸጣሉ። እውነተኛው ጎኑ ላይ ያለው ጥቁር መስመር ጅራቱን ሰንጥቆ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ የመስመሩ ጠርዝ ወጣ ገባ ነው፣ ክንፎቹም ያለ ቀለም ጥርት ያሉ ናቸው። መስመሩ ጅራቱ ሥር የሚቆም ከሆነ ወይም ከላዩ ወርቃማ መስመር ካለ ሌላ ዓሣ ነው፤ አንዳንዶቹም ሲያድጉ ጠበኛ ይሆናሉ። ላንተ ገንዳ አልመክርም።

አማኖዎቹ ደግሞ ጥቁሩን ጢም አይነኩትም፤ ጠብታ እንዳለው ሮዝ ሲሆን ግን ይሰበሰቡበታል። ፐርኦክሳይድ በረጨህ ሰሞን የዓሦቹን ምግብ በግማሽ ቀንሰው፤ ሽሪምፖቹ ወደሞተው አልጌ ይሄዱልሃል። ሱቅ ውስጥ "አልጌ ገዳይ" የሚለውን ጠርሙስ ከማንሳትህ በፊት ውስጡ መዳብ እንዳለበት አንብብ። መዳብ ካለበት ሽሪምፖቹ ያልቃሉ።

ባለ120 (ጠያቂ)

ሆዙ በእርግጥም ግማሹ ተደፍኖ ነበር። ካጸዳሁት በኋላ አንድ ሊትር በ8 ሰከንድ ይሞላል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ያሉት ቅጠሎች እንደነበሩ ቢቀሩ እየሠራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ንጹህ ውሃ

8 ሰከንድ 450 ሊትር ነው፤ አራት ጊዜ ተኩል። ለጊዜው ይበቃል፣ ፓምፕ አትግዛ፤ የመውጫውን አቅጣጫ ብቻ አኑቢያሱ ያለበት ጥግ እንዲደርስ አዙረው። ግን ውሃው በቀጥታ የሚመታው ቅጠል አይኑር፤ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጥቁር ጢም ይበረታል፣ መውጫው አፍ ላይ ያየኸውም ለዚህ ነው።

አሮጌውን ቅጠል አትይ። ከአኑቢያሱ ጫፍ የሚወጣውን አዲስ ቅጠል ምልክት አድርገህ ተከታተለው። በወር ውስጥ ጠርዙ ላይ ምንም ካልተለጠፈበት አካሄዱ ልክ ነው፤ ጥቁር ነጥቦች ከጀመሩት መብራቱን አትጨምር፣ ፒኤቹን መብራቱ ሲበራ፣ መሀል ላይና ሊጠፋ ሲል በአንድ ቀን ሦስቴ ለካ። በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.2 በላይ ከሆነ ካርቦኑ ገና አልረጋም፤ ወይ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ነው፣ ወይ መርፌ ቫልቩ ይንሸራተታል፣ ወይ ዲፊዩዘሩ ተደፍኗል። ዲፊዩዘሩን በቀጭን በረኪና ዘፍዝፈህ እንደ ቱቦው አድርገህ አጥበህ መልሰው።

ጠብታ

ፒኤች መለኪያው እስክሪብቶ መሰል ኤሌክትሮኒክ ከሆነ ከዚያ በፊት በ7.0 ፈሳሽ አስተካክለው፤ 0.2 ልዩነት በመለኪያው ስህተት ብቻ ሊመጣ ይችላል።